ዋስትናው ያለፈበትን ኮንትሮለር ምን ገደለው?

የሶላር ቻርጅ ኮንትሮለር (በፓኔሉና በባትሪው መካከል ሆኖ የባትሪውን አሞላል የሚጠብቀው ሳጥን) ሲበላሽ ሰው የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ለሻጩ መመለስ፣ ወይ ሌላ መግዛት። የአንድ ወይም የሁለት ዓመቱ ዋስትና ካለፈ የመጀመሪያው በር ተዘግቷል። እናም ከደሴ ወይም ከወልዲያ አዲስ ተገዝቶ ይመጣል፤ አሮጌው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱም በዚያው ሞት ይሞትና "የዘንድሮ ዕቃ እኮ አይረባም" ይባላል። ዕቃው ላይረባ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ገዳዩ ከሳጥኑ ውጭ ነው ያለው፤ አሮጌውን የገደለው ነገር ግድግዳው ላይ፣ ጣሪያው ላይ ወይም ባትሪው አጠገብ ቁጭ ብሎ አዲሱን ይጠብቃል።

የማወራው በየቤቱ ስላለው ተራ ፒደብሊውኤም ኮንትሮለር፣ የፓኔሉን መስመር ቶሎ ቶሎ እየከፈተ እየዘጋ ባትሪውን ስለሚሞላው፣ ነው። 10፣ 20 ወይም 30 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት፣ ከታች ስድስት የሽቦ ብሎን፣ ፊቱ ላይ ትንሽ ስክሪንና ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ሳጥን። መስመር ያልገባባቸው የገጠር ቀበሌዎች በእሱ ያድራሉ፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ለወራት መብራት የጠፋባቸው የሰሜን ወሎ ከተሞችም ጥቅሙን አይተውታል። ውስጡ ያለው አብዛኛው ዕቃ በየትኛውም የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። የተቃጠለውን አውጥቶ አዲስ መበየድ ቀላሉ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ያለው ምርመራ ነው ጊዜ የሚፈልገው።

መጀመሪያ ሳጥኑን አትክፈቱት። "ኮንትሮለሩ ሞቷል" ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ጤነኛው ጥቂት አይደለም፤ ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ኮንትሮለሩ ስክሪን ስላለው፣ ባትሪውም ፓኔሉም አፍ ስለሌላቸው፣ ጥፋቱ ሁሉ በሚናገረው ላይ ይላከካል። አንድ ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ይህን ይለያል።

ከባትሪው ጀምሩ። ሽቦውን ነቅላችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ካረፈ በኋላ ለኩት። የ12 ቮልት እርሳስ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ከ12.6 እስከ 12.8፣ ግማሽ ሲሆን 12.2 አካባቢ ያሳያል፤ ከ11.9 በታች ባዶ ነው። አርፎም፣ ቻርጅ ተደርጎም ከ10.5 የማያልፍ ከሆነ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ባትሪው 7 ወይም 8 ቮልት ድረስ ከወረደ ብዙዎቹ ኮንትሮለሮች ጭራሽ አይነሱም። ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል፤ ፓኔሉ ቢያያዝም ባትሪውን ለማንሳት እምቢ ይላል። ጤነኛ የሞተር ሳይክል ወይም የመኪና ባትሪ አምጥታችሁ ለኮንትሮለሩ ብቻ አያይዙት። ስክሪኑ ከበራ ኮንትሮለሩ ደህና ነው፣ የሞተው ባትሪው ነው።

ቀጥሎ ፓኔሉ። ከኮንትሮለሩ ነቅላችሁ በጠራ ፀሐይ ለኩት። ባለ 36 ሴሉ፣ የ12 ቮልት የሚባለው፣ ከ21 እስከ 22 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። 10 ወይም 11 ካሳየ ኮንትሮለሩን ተዉትና ከፓኔሉ ጀርባ ያለውን ጥቁር ሳጥን ክፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አለው፤ እያንዳንዱ የፓኔሉን ግማሽ ይጠብቃል፤ አንዱ ሾርት ሲሆን፣ ማለትም ውስጡ ተገናኝቶ በሁለቱም አቅጣጫ ሲያሳልፍ፣ ያ ግማሽ ይጠፋል። ባለ 60 እና ባለ 72 ሴሎቹ ሦስት ዳዮድ ስላላቸው የሚጠፋው ሲሶው ነው፤ 38 መሆን የነበረበት 25 ይሆናል። በአቅራቢያ መብረቅ ከወደቀ በኋላ ይህ የተለመደ ነው። ዳዮዱን ከመንካታችሁ በፊት ፓኔሉን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ ከዚያ አንድ እግሩን አላቅቃችሁ በቴስተሩ የዳዮድ ቦታ ለኩት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቁጥር ካሳየ ደህና ነው፤ በሁለቱም ከጮኸ ይቀየር።

ሦስተኛው ሽቦው ነው፤ በጣም ይናቃል። ፓኔሉ በደንብ እየጫነ ባለበት ሰዓት መጀመሪያ በኮንትሮለሩ የባትሪ ብሎኖች ላይ፣ ከዚያ በራሱ በባትሪው ቦሎች (ሽቦ በሚታሰርባቸው ጫፎች) ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት ከበለጠ ወይ ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይ ብሎኑ ላልቷል፣ ወይ ቦሉ ነጭ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። 2 ሜትር ርቀት ላይ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ 20 አምፔር ቢያልፍ ሲሄድና ሲመለስ ወደ 0.35 ቮልት ይጠፋል። ኮንትሮለሩ እዚያ እሱ ጋ 14.4 አይቶ "ሞላ" ብሎ ይቀንሳል፤ ባትሪው ግን ያገኘው 14.05 ነው። ባትሪው በየቀኑ ሳይጠግብ ስለሚያድር ውስጡ ሰልፌት ይጋግርና በዓመት ከመንፈቅ ይሞታል። ኮንትሮለሩ አልተበላሸም፤ ሊለወጥ የሚገባው ሽቦው ነው።

አራተኛው፣ ልጆች ወይም እንግዳ ቁልፉን ነካክተው ይሆናል። የመብራቱ መስመር በ24 ሰዓት ፈንታ "ሲመሽ ብቻ" ላይ ተደርጎ ቀን ላይ ተቆርጦ ይገኛል፤ ወይም የባትሪው ዓይነት ከእርሳስ አሲድ ወደ ሊቲየም ተቀይሮ ይገኛል። ከሳጥኑ ጋር የመጣችው ቀጭን ወረቀት ከጠፋች የአንደኛውን ቁልፍ ረዘም አድርጎ በመጫን ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ይቻላል።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ጥፋቱ በእርግጥ ኮንትሮለሩ ውስጥ ነው። ግን አሁንም ከመክፈታችሁ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ እስከ ትናንት ሲሠራ የነበረ ዕቃ ለምን ሞተ? ወሎ ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው መልስ ከስድስት ሰባት አይበልጥም፤ እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ትልቁን ፓኔል ነው።

በገበያ የ12 ቮልት ፓኔል እየቀረ፣ ለትልልቅ ጣቢያዎች የተሠሩት ባለ 60፣ ባለ 72 እና ባለ 144 ግማሽ ሴል ፓኔሎች በዋት ሲሰላ ረክሰው ይገኛሉ። ሰው ዋቱን አይቶ ይገዛል፤ ቮልቱን አያይም። ባለ 60 ሴሉ ያለ ጭነት ወደ 38 ቮልት ይሰጣል፤ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ያለው ተራ ኮንትሮለር ግን አብዛኛውን ጊዜ የተፈቀደለት እስከ 25 ቮልት ነው። "12/24" የሚለውን ጽሑፍ አይቶ "24ም ይችላል እኮ" ማለት አይሠራም፤ 50 ቮልት ድረስ የሚፈቀደው ባትሪው 24 ሲሆን ነው። እሱም ቢሆን ለደጋ ሰው ጠባብ ነው። የፓኔል ቮልት በብርድ ይጨምራል፤ ከ25 ዲግሪ በታች ለሚወርደው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.3 በመቶ ገደማ። በፓኔሉ ጀርባ 49.5 ቮልት የተባለው ባለ 550 ዋት ፓኔል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ በደላንታ ወይም በመቄት ወይም በወረኢሉ ጠዋት 5 ዲግሪ ላይ ፀሐይ ስትመታው ከ52 ቮልት ያልፋል። የውስጡ ትራንዚስተር አቅም 55 ነው። በቆቦ ሜዳ ለዓመታት የሚሠራ ግጥም፣ ደጋ ላይ በመጀመሪያው ውርጭ የሚሞተው ለዚህ ነው። ቆላው ደግሞ የራሱ ገዳይ አለው፦ ሙቀት። በቆቦ፣ በባቲ ወይም በከሚሴ ፀሐይ የሚመታው የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኮንትሮለር ያለ ምንም ጭነት እንኳ ግሏል። ውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ጭማሪ ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ሁለተኛው የአያያዝ ቅደም ተከተል ነው። ባትሪ መጀመሪያ፣ ፓኔል ቀጥሎ፣ መብራት መጨረሻ። ሲነቀል በተቃራኒው፦ መብራት፣ ፓኔል፣ ባትሪ። ባትሪው ቮልቱን ተጭኖ የሚይዝ መልሕቅ ነው፤ እሱ ሳይኖር ፓኔሉ ከተያያዘ ኮንትሮለሩ ሙሉውን 22 ቮልት ያገኝና ወይ "24 ቮልት ሲስተም ነው" ብሎ ይሳሳታል፣ ወይ ይቃጠላል፣ ወይም ለቴሌቪዥኑ ያስተላልፈዋል። ሰው ሳይነካውም ይሄ ይከሰታል፦ የባትሪው ብሎን ላልቶ ቀን ላይ ሲላቀቅ፣ ወይም በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ቢኤምኤስ (የባትሪው የራሱ ጠባቂ ቦርድ) ባትሪው ሞልቶ እኩለ ቀን ላይ በድንገት ሲቆርጥ። የሊቲየም ባትሪ ገዝቶ የኮንትሮለሩን ቅንብር በእርሳስ አሲድ ላይ የተወ ሰው ይሄን ይቀምሰዋል።

የቀሩትን በአጭሩ፦ ኢንቨርተር (የባትሪውን ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው) በኮንትሮለሩ የመብራት መስመር ላይ መሰካት፤ ሲነሳ የሚስበው አምፔር ከ20 በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ኢንቨርተር ምንጊዜም በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ ነው። የፓኔልን አምፔር ልክ በልክ መግጠም፤ ሦስት ባለ 100 ዋት ፓኔል በጎን ቢያያዙ 18 አምፔር ይሆናል፣ ግን ክረምት ላይ ደመና ተሰንጥቆ ፀሐይ በጠርዙ ብልጭ ስትል አምፔሩ ከተጻፈው ስለሚያልፍ በ1.25 አባዙት፤ 22.5 ይመጣል፤ የሚገዛው ባለ 30 ነው። መብረቅ፤ ወሎ ከክረምቱ በተጨማሪ የበልግ ዝናብ ስላለው የነጎድጓድ ወራቱ ሁለት ጊዜ ነው። ጉንዳን፣ በረሮና የማጀት ጥቀርሻ ደግሞ ቀስ ብለው ይገድላሉ።

አሁን ክፈቱት። ሁሉም ሽቦ መነቀሉን አረጋግጡ፤ ከጀርባ አራት ብሎን አለ። መጀመሪያ አሽቱት፤ የተቃጠለ ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ትራንዚስተር) ሽታ አንዴ ከተለመደ አይረሳም። ከዚያ በቀን ብርሃን ቦርዱን ገልብጣችሁ እዩ። የሽቦ ብሎኖቹ የተበየዱበት ቦታ ቡናማ ሆኖ፣ በእግሩ ዙሪያ ክር የመሰለ ቀለበት ስንጥቅ ካለ፣ ከላላ ብሎን የመጣ ሙቀት ነው። አዲስ ሊድ ጨምሮ እንደገና ማቅለጥ ይበቃዋል። ቦርዱ ከቡናማ አልፎ ጥቁር ከሰል ከሆነ ግን ከሰሉ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በስለት ፍቃችሁ እስኪነጣ አውጡት።

ሙቀት ማስተንፈሻው አሉሚኒየም ላይ በመስመር የቆሙት ባለ ሦስት እግር ጥቁር ዕቃዎች ሞስፌቶች ናቸው፤ እንደ ኮንትሮለሩ መጠን ከሁለት እስከ ስድስት ይሆናሉ። ገሚሶቹ የፓኔሉን፣ ገሚሶቹ የመብራቱን መስመር ይከፍታሉ ይዘጋሉ። አብዛኛው የቤት ኮንትሮለር ፖዘቲቩን አገናኝቶ ኔጋቲቩን ነው የሚቆርጠው። ቴስተሩን ጩኸት ላይ አድርጋችሁ ሦስቱን ፖዘቲቭ ብሎኖች ብትነኩ ከጮኸ ያ ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ የፓኔሉን ኔጋቲቭና የባትሪውን ኔጋቲቭ "ሁለቱም ኔጋቲቭ ነው" ብሎ አንድ ላይ ያሰረ ሰው ኮንትሮለሩን ዘሎታል፤ ባትሪው ያለ ጠባቂ ሲፈላ ይውላል።

የትኛው እንደሞተ ምልክቱ ይናገራል። ቀን ላይ ባትሪው 14.4 አልፎ 15፣ 16 ከሄደ፣ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ፣ የፓኔሉ ሞስፌት ሾርት ሆኗል። ባትሪው ደህና እያለ፣ ፓኔሉ 21 ቮልት እያሳየ ምንም አምፔር ካልገባ ተበጥሷል። ባትሪ ብቻ አያይዛችሁ፣ ፓኔሉን ነቅላችሁ፣ በፓኔሉ ብሎኖች ላይ ስትለኩ ሙሉ የባትሪ ቮልት ካገኛችሁ፣ ሌሊት ወደ ፓኔሉ እንዳይመለስ የሚያግደው ሾርት ነው። እዚህ ላይ ቴስተር በቀላሉ ይታለላልና ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል አስነኩበት፤ በእርግጥ ከበራ ጥፋቱ እውነት ነው። መብራቱ ባትሪው 10 ቮልት እስኪደርስ ሳይቆረጥ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ የመብራቱ ሞስፌት ነው።

በቦርዱ ላይ እንዳሉ በዳዮድ ቦታ ለኳቸው። ጽሑፉ ወደ እናንተ ሲሆን የግራው እግር ጌት (መክፈቻው)፣ መካከለኛው ድሬን፣ የቀኙ ሶርስ ነው (ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው)፤ ከጀርባ ያለው ብረት ከመካከለኛው ጋር አንድ ነው። ቀዩን ሶርስ፣ ጥቁሩን ድሬን ላይ ስታደርጉ ከ0.4 እስከ 0.6 አካባቢ፣ ሲገለበጥ ምንም ማሳየት የለበትም። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ጋ ተጠግቶ ከጮኸ ሾርት ነው። ግን በጎን የተያያዙ ከሆነ አንዱ ሾርት ሲሆን ሁሉም ሾርት ይመስላሉ፤ አንድ በአንድ እያወጡ መለካት ግድ ነው። ወጥቶ የተለካ ጤነኛ ሞስፌት ሌላም ፈተና አለው፦ ጥቁሩን ሶርስ ላይ አድርጋችሁ ጌቱን በቀዩ ንኩ፣ ከዚያ ቀዩን ወደ ድሬን አምጡ፤ አሁን ማስተላለፍ አለበት። ሦስቱን እግር በጣት ስታገናኙ ይዘጋል። አንዳንድ ርካሽ ቴስተር የሚያወጣው ቮልት ስለማይበቃ ላይከፍተው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞስፌቱን አትክሰሱት።

ለማውጣት 60 ዋት ካውያ ያስፈልጋል፤ በ25 ዋት ወፍራሙ የመዳብ መስመር ሙቀቱን ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ሞስፌቱ መሞቱ ከተረጋገጠ እግሮቹን በመቁረጫ ቆርጣችሁ አካሉን አንሱ፤ ከዚያ እያንዳንዱን እግር ለየብቻ አሙቃችሁ በፒንሳ ሳቡ። ሦስቱን አንድ ላይ ለማሞቅ የሚታገል ሰው መጨረሻው የመዳቡን ቀለበት ነቅሎ ማውጣት ነው።

ምትኩ ላይ ስስት አያዋጣም። የሞስፌት ሙቀት አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በውስጥ ኦሙ ሲባዛ ነው። በ20 አምፔር አይአርኤፍዜድ44ኤን፣ 17.5 ሚሊ ኦም ስላለው፣ 7 ዋት ይግላል፤ አይአርኤፍ3205፣ 8 ሚሊ ኦም ሆኖ፣ 3.2 ዋት ብቻ። ሁለቱም 55 ቮልት ናቸው። ለ12 ቮልት ሲስተም 3205 ጥሩ ነው፤ ለ24 ግን ብርዱን አስቡና 75 ቮልት የሚችለውን 75ኤንኤፍ75 አስገቡ፤ 11 ሚሊ ኦም ነው፣ 4.4 ዋት ይግላል። በጎን የተያያዙ ካሉ አንዱ ብቻ ቢሞትም ሁሉም በአንድ ዓይነት ይቀየሩ፤ አለበለዚያ ኦሙ ያነሰው አብዛኛውን ጭነት ይሸከማል። የሞተ ዩፒኤስና ኢንቨርተር ቦርድ ላይ እነዚህ ዕቃዎች በብዛት አሉ። በከረጢት በርካሽ ከሚሸጠው አዲስ ይልቅ ከጥሩ ዩፒኤስ የወጣ አሮጌ ይሻላል እላለሁ፤ 3205 የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ውስጡ ትንሽ ቺፕ ያለው አስመሳይ ብዙ ነው።

ብዙ ጥገና የሚከሽፈው ከዚህ ቀጥሎ ነው። አዲሱ ሞስፌት ተበይዶ፣ ሠርቶ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይቃጠላል። ሞስፌት ሲሞት ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሞትም፤ በጌቱ በኩል ወደ ኋላ ያለውን ይዞ ይሄዳል። ጌቱ ጋ ያለችውን ትንሽ ሬዚስተር፣ ዜነር ዳዮዷንና የምትገፋውን ትንሽ ትራንዚስተር ለኩ። ሞስፌቱ ሲከፈት በጌትና በሶርስ መካከል ከ10 እስከ 12 ቮልት መኖር አለበት። 4 ወይም 5 ብቻ ካለ በሩ ገርበብ ብሎ ነው የሚሠራው፤ የሚያቃጥለውም ያ ነው። ከ20 ማለፍም የለበትም፤ ዜነሯ ያለችው ለዚህ ነው።

ስክሪኑ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ወደ 5 ቮልቱ ሬጉሌተር፣ 12ቱን ወደ 5 ወደሚያወርደው ዕቃ፣ ሂዱ። ብዙ ጊዜ 78ኤል05 ነው። ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ እናንተ ሲሆን ከግራ ጀምሮ መውጫ፣ ኔጋቲቭ፣ መግቢያ ነው፤ ትልቁ 7805 ደግሞ መግቢያ፣ ኔጋቲቭ፣ መውጫ። ትንሹን በትልቁ የሚተካ ሰው ይህን ካላስተዋለ ፕሮሰሰሩን በ12 ቮልት ይመታዋል። መግቢያው ላይ 12 ኖሮ መውጫው ላይ 5 ከሌለ፣ መውጫውን ከቦርዱ አላቅቃችሁ ዳግም ለኩ። አሁን 5 ካመጣ ሬጉሌተሩ ደህና ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚጎትተው አለ፤ ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ። ስክሪኑ እየበራ እየጠፋ የሚነሳ የሚወድቅ ከሆነ ኮንደንሰሩን ቀይሩ፤ 35 ወይም 50 ቮልት፣ 105 ዲግሪ የሚለውን። ቁጥሮቹ ግማሽ ግማሽ ከታዩ ደግሞ ስክሪኑና ቦርዱ መካከል ያለችውን የጎማ ቁራጭ በአልኮል ጠርጋችሁ መልሱ።

ከመብረቅ በኋላ የመጣ ከሆነ በፓኔሉ ብሎኖች መካከል ያለውን ቲቪኤስ ዳዮድ (ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልት የሚውጠውን) እዩ። ሾርት ሆኖ ራሱን መሥዋዕት ያደርጋል፤ ፓኔሉ ሲያያዝ ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሲነቀል ኮንትሮለሩ ወዲያው ይሠራል፤ ስለዚህ ብዙዎች በዚያው ይተዉታል። የሚቀጥለው መብረቅ በቀጥታ ሞስፌቱን ያገኘዋል። ለባለ 36 ሴል ፓኔል 1.5ኬኢ33ኤ ይስማማል፤ እስከ 28 ቮልት ዝም ይላል፣ ከዚያ በኋላ ይይዛል።

ተበይዶ አለቀ ብላችሁ ባትሪ አታስነኩ። የመኪና ፍሬቻ አምፖል፣ ባለ 12 ቮልት 21 ዋቱን፣ በባትሪው ፖዘቲቭ ሽቦ መካከል አስገቡት። ደህና ከሆነ አምፖሉ ለቅጽበት ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ ስክሪኑም ይነሳል። ሙሉ በሙሉ በርቶ ከቀረ ሾርት አለ፤ ግን አምፖሉ ከ1.75 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ የገዛችሁት ዕቃ ተርፏል። ያው አምፖል በፓኔሉ በኩልም ይደገማል። የሞስፌቱ ጀርባ ከአሉሚኒየሙ የሚለይበት ስስ ንጣፍ ካለው ሳይቀደድ መመለሱን በጩኸት አረጋግጡ፤ ከብሎኑ ሥር ያለችውን የፕላስቲክ ቀለበትም አትርሱ።

ለመፈተኛ ባለ 7 አምፔር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪና ባለ 20 ዋት ፓኔል ይበቃሉ። ትንሽ ባትሪ ቶሎ ስለሚሞላ 14.4 ላይ ደርሶ ሲቆም፣ ቆይቶም ወደ 13.7 ሲወርድ በዓይን ታያላችሁ። የመብራቱን መቁረጫ ለመፈተሽ ባትሪው እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ የመቁረጫውን ቁጥር ለጊዜው ከባትሪው ቮልት በላይ ከፍ አድርጉት፣ ወዲያው መቁረጥ አለበት። ከዚያ ስትመልሱት ፋብሪካው የተወው 10.7 ላይ አትተዉት፤ 11.5 ለእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜ በእጅጉ ይሻላል። ሰውየው ማታ ግማሽ ሰዓት መብራት ያጣል፤ ባትሪው ግን ይቆይለታል። በመጨረሻ በሙሉ አምፔር ግማሽ ሰዓት አሠርታችሁ አሉሚኒየሙን በእጅ ንኩ፤ ሊሞቃችሁ ይችላል፣ ጣት ማስቀመጥ ካቃተ ግን አንድ ነገር ቀርቷል።

መልሶ ሲሰቀል ከባትሪው በላይ ሳይሆን ከጎኑ፤ የባትሪ ትነት ብረት ይበላል። ከቆርቆሮ ግድግዳ በእንጨት ተነጥሎ፣ ከላይና ከታች አንድ ጋት ያህል አየር ይኑረው። ባትሪው አጠገብ ለባለ 20 ኮንትሮለር ባለ 25 ወይም 30 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ብሎኖቹ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይጠበቁ፤ አዲስ የታሰረ የመዳብ ሽቦ ይተኛል።

የማይጠገንም አለ። ፕሮሰሰሩ የሞተ፣ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ስለማይገኝ፣ አለቀለት። በየወሩ በኮድ የሚከፈልባቸው የቤት ሶላሮች ክፍያቸው እስኪያልቅ ድረስ አይከፈቱም። ኤምፒፒቲ (የፓኔሉን ትርፍ ቮልት ወደ አምፔር የሚቀይረው ዓይነት) የሚል የተጻፈበት ሳጥን ሲመጣም መጀመሪያ ተከፍቶ ይታይ፤ ውስጡ ወፍራም የመዳብ ጥቅል ከሌለው ጽሑፉ ብቻ ነው ኤምፒፒቲ፣ እንደ ተራው ይጠገናል። እውነተኛው ከሆነና የመቀያየሪያው ክፍል ከተቃጠለ ከላይ ባለው መንገድ አይነካም፤ ሁለቱ ሞስፌቶችና ገፊያቸው አብረው ካልተቀየሩ በሰከንድ ይፈነዳሉ። ያልዳነውንም ቢሆን ሙሉውን አትጣሉት። የተረፉትን ሞስፌቶች፣ ስክሪኑን፣ አሉሚኒየሙንና በተለይ የሽቦ ብሎኖቹን አውጡ። ሞስፌት በየሱቁ አለ፤ በልኩ የሚገጥም የብሎን መያዣ ግን ከሌላ የሞተ ኮንትሮለር ካልሆነ በቀር አይገኝም።